አንድ ብሎን ይቀራል

አገሪቱ ኢንተርኔት የሚገባባት በአሥራ ሁለት በር ነበር። በር ይባሉ እንጂ ጥቋቁር ኬብሎች ናቸው፤ ሆዳቸው ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ክሮች ይዘው ከባሕር ማዶ ይመጡና በየኩባንያው ምድር ቤት ብቅ ይላሉ። መንግሥት ይህን ባሰበ ቁጥር እንቅልፍ ያጣ ነበር። አሥራ ሁለት በር ባለው ቤት ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ምን ይዞ ወጣ? ስለዚህ አሥራ ሁለቱም ተሰብስበው በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ የብረት ቁም ሳጥን፣ በአንድ ቁልፍ ሥር እንዲገቡ ታዘዘ። ፕሮጀክቱ «አንድ በር» ተባለ። ስሙን ለማውጣት ብቻ አንድ ኮሚቴ አምስት ወር ተሰብስቧል።

ኬብሎቹን አንድ በአንድ እያዛወረ የሚቀጥለው ግን ኮሚቴው አይደለም፤ አንዲት ሴት ናት። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ቀጣይዋ» ይላታል። ሥራዋ የኬብል ጉድጓድ ውስጥ ገብታ የመስታወት ክር ጫፍ ለጫፍ ማጋጠም ነው፤ ትልጣለች፣ ትጠርጋለች፣ በወረንጦ ይዛ ትንሿ ማሽን ውስጥ ታስተኛቸዋለች፣ ማሽኗ ብልጭ ብላ ታቀልጣቸዋለች። ብልጭታው እስኪያልፍ ትንፋሽ መያዝ ግድ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ትንፋሿን ስትይዝ የኖረች ሴት፣ መያዝ ያቃታት ነገር ቢኖር ሳቋን ነው። ቁም ነገር በበዛበት ቦታ ሁሉ ይመጣባታል። በስብሰባ፣ በግምገማ፣ አንዴማ በራሷ የእድገት ቃለ መጠይቅ ላይ። ጠያቂው «ከአምስት ዓመት በኋላ የት የምትደርሺ ይመስልሻል?» ሲላት «ከዚህ ጉድጓድ እዚያኛው ጉድጓድ» ብላ በሳቅ ፈረሰች። እድገቱም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ቀረ።

የፕሮጀክቱ ኃላፊ ሳቅ የሚባል ነገር አይወድም። ሠራተኛው እሱ በሌለበት «ማኅተም» ይለዋል፣ ያልታተመበት ወረቀት ሲያይ ስለሚያመው። የ«አንድ በር»ን መመሪያ ስልሳ አራት ገጽ አድርጎ የጻፈው እሱ ነው። ከምርቃቱ በፊት ባለው ሳምንት ቀጣይዋን ጠርቶ፣ «ክቡር ሚኒስትሩ ንግግር በሚያደርጉበት ጊዜ አንቺ ቁም ሳጥኑ አጠገብ ትቆሚያለሽ። አትስቂም» አላት።

«እሺ፣ አልስቅም» አለች እየሳቀች።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ሳምንት ሳቋም ከወትሮው ቀንሶ ነበር። ምክንያቱ አባቷ ናቸው።

አባቷ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆነ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት መስኮት ሥር ተቀምጠው አሳለፉ። ጢማቸውን አይላጩም፣ ሬዲዮ አይከፍቱም፤ ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ «መጣሽ?» ይላሉ፣ ከዚያ ሌላ ቃል የለም። ቀጣይዋ የአገር መስታወት ስትቀጥል ውላ ቤት ስትገባ የገዛ አባቷን ከሰው መቀጠል አቅቷት ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን ታለቅስ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ከባሕር ማዶ የምትኖር አንዲት ሴትዮ የሟች ባለቤቷ የግድግዳ ሰዓት ቆሞባት፣ ሠሪ ብታጣ ኢንተርኔት ላይ ፎቶውን ለጥፋ «የሚያውቅ ሰው ይርዳኝ» አለች። ቀጣይዋ ነገሩን ለአባቷ አሳየቻቸው። አባትየው መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን አዩና «ይቺ ሞላዋ ሳይሆን ጥርሷ ነው» አሉ። በዓመቱ ውስጥ ረጅሙ ንግግራቸው ይሄ ነበር። ቀጣይዋ እንዲህ ያለ ዕድል አያምልጠኝ ብላ ወዲያው በቪዲዮ አገናኘቻቸው።

ሴትዮዋ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፣ ካቻቢቴ አያያዛቸው የመርፌ አያያዝ ነው። ቀጣይዋ «ባለሰዓቷ» አለቻቸው። በየቀኑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ እሳቸው አገር ገና ሲነጋ፣ ባለሰዓቷ ሰዓቱን ጠረጴዛ ላይ ያስተኛሉ፤ አባትየው ደግሞ ከዚህ ሆነው «እሷን ወደ ግራ፣ ቀስ፣ በቃ!» ይላሉ። ሁለት ቀን የሚፈጅ ሥራ ነበር። ስምንት ወር ሆነው። ቀጣይዋ የሰዓት ሠሪ ልጅ ናትና ስምንት ወር የሚፈጅ የግድግዳ ሰዓት በምድር ላይ እንደሌለ ታውቃለች። ግን አባቷ በየጠዋቱ መላጨት ጀምረዋል፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያንጎራጉራሉ፣ አንድ ቀን እንዲያውም ከረባት የት እንዳለ ጠየቁ። እሷም ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ታዲያ ያ ሁሉ ደስታ በመመሪያው አንቀጽ ስምንት ላይ ተደናቀፈ። «አንድ በር» ከተመረቀበት ደቂቃ ጀምሮ፣ ከባሕር ማዶ ካለ ሰው ጋር ፊት ለፊት እየተያየ የሚነጋገር ሁሉ ፈቃድ ያወጣል ተባለ። ፈቃዱ ቅጽ አለው። አባትየው ጫማቸውን አስጠርገው ቢሮው ድረስ ሄዱ። የፈቃድ ጸሐፊዋ ደህና ሰው ናት፣ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው።

«ከተነጋጋሪዋ ጋር ያለዎት ዝምድና ምንድን ነው አባባ?»

«ሰዓት።»

«ሰዓት ምን?»

«የሳቸውን ሰዓት እያሠራኋቸው ነው።»

ጸሐፊዋ ቅጹን አገላብጣ አየች። «ሰዓት የሚል ሣጥን የለም። ያሉት ስድስት ናቸው። የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት፣ የንግድ ሸሪክ፣ እጮኛ። ከነዚህ በአንዱ ላይ ምልክት ካላደረጉ ማሽኑ አይቀበለኝም።»

አባትየው ስድስቱን ሣጥኖች ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ እስክሪብቶውን መልሰው አስቀመጡና «ነገ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ አንድ ሰው መጠየቅ አለብኝ» ብለው ወጡ።

ማታ እራት ላይ ነገሩን ለልጃቸው ሲነግሯት ቀጣይዋ ጉርሻዋን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። «አባባ! የትኛውን ሣጥን ነው የሚጠይቁት?»

«የመጨረሻውን» አሉ፤ ፊታቸው ቀላ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ስሌት ነው። ምርቃቱ ነገ ነው። ሚኒስትሩ ንግግራቸውን ጨርሰው፣ ፈቃድ የሌለውን መስመር ሁሉ የሚዘጋውን ቁልፍ የሚያዞሩት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ባለሰዓቷ ስክሪናቸው ፊት የሚቀመጡት አራት ሰዓት ላይ ነው። እንግዲህ ሠላሳ ደቂቃ አለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ «እሺ» ካሉ እጮኛ ናቸው፣ ቅጹ ይሞላል፤ «አይ» ካሉ ደግሞ ሰዓቱም ቆመ፣ አባትየውም ወደ መስኮቱ ተመለሱ።

«ሠላሳ ደቂቃ ይበቃዎታል አባባ?»

«ስምንት ወር ያልበቃኝ ሰው ነኝ» አሉ በጭንቀት፤ «ግን በጽሑፍ አደርገዋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ቀጣይዋ ቢጫ ቱታዋን ለብሳ ቁም ሳጥኑ አጠገብ ቆመች። አዳራሹ አዲስ ቀለም ይሸታል። ከፊት ሁለት መቶ እንግዳ በሰማያዊ ወንበር ላይ ተደርድሯል፤ በየወንበሩ ክንድ ላይ ለውጭ አገር እንግዶች ትርጉም ተብሎ የተዘጋጀ ማዳመጫ ተንጠልጥሏል። ከመድረኩ ጀርባ ግድግዳውን ያከለ ስክሪን አለ። የፊተኛው ረድፍ መካከል ላይ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ የሚኒስትሩ እናት ተቀምጠዋል።

ማኅተም ሦስት ወረቀት ይዞ እየተጣደፈ መጣ። «የሙከራ ማጠናቀቂያ ቅጽሽን አልፈረምሽም! ከሦስት ሳምንት ጀምሮ እለምንሻለሁ!»

«ከምርቃቱ በኋላ እፈርማለሁ፤ አሁን እጄ ቅባት ነው» ብላ ወረቀቶቹን አጣጥፋ ኪሷ ከተተቻቸው።

እዚህ ላይ የቀጣዮችን ወግ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀጣይ የሆነ ሰው አዲስ ዕቃ በሰው መስመር አይሞክርም። በገዛ ቤቱ መስመር ነው የሚሞክረው። ቢበላሽ የሚቆጣው የራሱ ሰው ነው፤ ቤተሰብ ደግሞ መስመር ሲጠፋ ከማንኛውም መሣሪያ ቀድሞ ይጮኻል። ሁሉም እንዲህ ያደርጋል፣ ማንም ግን ወረቀት ላይ አይጽፈውም። ቀጣይዋም ከሦስት ሳምንት በፊት የቁም ሳጥኑን አንደኛ ቀዳዳ በቤቷ መስመር ሞክራዋለች። ሠራ። ሰክታው ትታዋለች፤ ከዚያም አሥራ አንድ ኬብል ሲከመርባት ጭራሽ ረሳችው።

ይህን የማያውቀው ደግሞ የስክሪኑ ባለሙያ ነው። ማኅተም «በሩ የሚያልፈውን ሁሉ እንደሚያይ ለእንግዶች እናሳያለን፤ አንድ መስመር መርጠህ ምስሉን ስክሪኑ ላይ፣ ድምፁን በማዳመጫዎቹ አውጣ» ብሎታል። የትኛውን እንደሆነ አልነገረውም። ልጁ እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው ከአንድ ጀመረ።

ልክ በአራት ሰዓት ሚኒስትሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ክቡራትና ክቡራን፣ አንድ አገር፣ አንድ በር!» አሉ። ጭብጨባው ቀዝቀዝ ያለ ነበር። በንግግሩ ሁለተኛ ገጽ ላይ ግን ቀጣይዋ አንድ ነገር አየች። ሰው ቀና እያለ ነው። ከኋላ አንዱ ጎረቤቱን በክርኑ ጎሸም አደረገ። አንዲት ሴት እጇን አፏ ላይ ጫነች። የሚኒስትሩ እናት ማዳመጫቸውን አንስተው ጆሯቸው ላይ አደረጉ፤ ከዚያ ጎረቤታቸው፣ ከዚያ ረድፉ በሙሉ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ሚኒስትሩ ይህን ሲያዩ ድምፃቸው ሞቀ። ሰው ንግግራቸውን በማዳመጫ ጭምር ሊሰማላቸው ፈልጎ አያውቅም።

ቀጣይዋ አንገቷን አዙራ ወደ ስክሪኑ ቀና አለች።

አባቷ ነበሩ። ግድግዳ አክለው፣ ከረባት አስረው፣ ፀጉራቸውን በውሃ አስተኝተው፣ ወረቀት ይዘው። ከጎናቸው፣ ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሎ፣ ባለሰዓቷ በሰማያዊ ሹራብ። አንደኛው ቀዳዳ! ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። እጇ ወደ መሰኪያው ሮጠ፤ ጫፉን ያዘችው። አንድ ጊዜ ሳብ ብታደርገው አባቷ ከሁለት መቶ ሰው ዓይን ይተርፋሉ። ግን ጥያቄውም አብሮ ይቆረጣል፤ ሠላሳ ደቂቃው ደግሞ እየሄደ ነው። ለቀቀችው። አጠገቧ ካለው መሰላል ላይ የተንጠለጠለ ማዳመጫ አንስታ እሷም ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«...ስለዚህ እመቤት» ይላሉ አባቷ ከወረቀቱ ላይ እያነበቡ፣ «ሣጥኖቹ ስድስት ናቸው። ልጄ አይደሉም። እናቴ እንዳልል በአምስት ዓመት እበልጥዎታለሁ። እህቴ እንዳልል፣ እህት የለኝም፤ ቢኖረኝም ለእህት ብዬ በየጠዋቱ አልላጭም።»

አዳራሹ ሳቀ። ሚኒስትሩ በዚያው ቅጽበት «የሳይበር ሉዓላዊነት» ብለው ነበርና ሳቁ ትንሽ ግራ አጋባቸው፤ ግን ደስ አላቸው።

«ንግድም የለንም» ቀጠሉ አባትየው። «እንግዲህ የቀሩት ሁለት ሣጥኖች ናቸው። አንደኛውን ዛሬ፣ ሌላኛውን ደግሞ ትንሽ ቆየት ብለን ብንሞላው ምን ይመስልዎታል?»

የሚኒስትሩ እናት መሐረብ አወጡ። ከኋላ አንድ ዘበኛ ኮፍያውን አወለቀ። ሚኒስትሩ ሕዝባቸውን ተመለከቱ። ዓይኑ ሁሉ ዕንባ አቅርሯል፣ ከንፈሩ ሁሉ ይስቃል። በአሥራ አንድ ዓመት የሥልጣን ዘመናቸው እንዲህ ተሰምተው አያውቁም። ንግግር በሞቀበት ሲቋጭ ነው የሚያምረው ብለው ስድስት ገጽ ዘለሉና ወደ ቁልፉ ተራመዱ። ቀጣይዋ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ላይ አልነቀለችም፣ ሲራመዱም አላየቻቸውም።

ባለሰዓቷ መነጽራቸውን አወለቁ። ካቻቢቴያቸውን ጠረጴዛ ላይ በቀስታ አስቀመጡ። «መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ የምናዘዘው ነገር አለኝ» አሉ። «ይህን ሰምተው ሐሳብዎን ቢቀይሩ አልቀየምዎትም። ያ ሰዓት...»

ሚኒስትሩ ቁልፉን አዞሩ። በቁም ሳጥኑ ላይ ያሉት አረንጓዴ መብራቶች በሙሉ ወደ ቀይ ተቀየሩ። ባለሰዓቷ አፋቸውን እንደከፈቱ ደርቀው ቀሩ።

«ኧረ!» አለ አዳራሹ ባንድ አፍ።

ሚኒስትሩ ጭብጨባ እየጠበቁ እጃቸውን ወደ ላይ እንዳደረጉ ቆሙ። ጭብጨባ የለም። ሁለት መቶ ሰው ከኋላቸው ያለውን ግድግዳ እያየ ነው። ዞሩ። የማያውቋቸው ሽማግሌ በግድግዳው ግማሽ ላይ ተቀምጠው «ሃሎ? ሃሎ? ይሰሙኛል?» ይላሉ። የቤታቸው መስመር እስከ በሩ ድረስ ክፍት ነው፤ የተዘጋው ከበሩ ወዲያ ያለው ነው። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ጠሩ። ሦስተኛውን አልጠሩም። ወረቀታቸውን አጠፉት፣ እንደገና አጠፉት፤ ከዚያ እጃቸው ወደ ከረባታቸው ሄዶ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረ።

ቀጣይዋ ወዲያው ገባት። አባቷ ሰዓታቸውን አዩ እንጂ ሚኒስትሩን አላዩም። ገና ሃያ ደቂቃ ቀርቷቸዋል ብለው ነው የሚያስቡት፤ ስለዚህ መስመሩን የዘጉት ባለሰዓቷ ራሳቸው መስለዋቸዋል።

«ልጄ» አሉ የሚኒስትሩ እናት ከፊት ረድፍ፣ ቦርሳቸውን አቅፈው እየተነሡ። «ክፈተው።»

«እማዬ፣ ይሄ የመንግሥት ሥራ ነው...»

«ሴትዮዋ ልትናገር ነበር እኮ! ክፈተው አልኩህ!»

«ይከፈት!» አለ ዘበኛው። «ይከፈት! ይከፈት!» አለ ረድፍ በሙሉ። ሚኒስትሩ ማኅተምን ጠሩት። ማኅተም በአንድ እግሩ ቆሞ መመሪያውን ገለጠ። «ያለ ፈቃድ አይቻልም ክቡር ሚኒስትር። አንቀጽ ስምንት። የፈረሙት እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ ፈቃዱ ይሰጣቸዋ!»

የፈቃድ ጸሐፊዋ ከአራተኛው ረድፍ ተነሣች። «ለመስጠት ዝምድናው መታወቅ አለበት። እጮኛ ብዬ እንዳልሞላ፣ ሴትዮዋ ገና እሺ አላሉም።»

«እሺ እንዲሉ ይጠየቁ!»

«ለመጠየቅ መስመሩ መከፈት አለበት።»

«ይከፈት እንጂ!»

«ለመክፈት ፈቃድ ያስፈልጋል» አለች ጸሐፊዋ። አዘነች፤ እውነት ለመናገር የራሷ ጥፋት አይደለም።

አዳራሹ ውስጥ ጉድ ፈላ። ማኅተም ስልሳ አራቱን ገጽ ከዳር እስከ ዳር ያገላብጣል፤ አንቀጽ አንቀጽን ይጠቅሳል፣ የተጠቀሰው አንቀጽ መልሶ የመጀመሪያውን ይጠቅሳል። ስክሪኑ ላይ አባትየው ከረባቱን አውልቀው ክንዳቸው ላይ ጠቅልለውታል። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ማዞር ጀመሩ።

ያን ጊዜ ነው ቀጣይዋ ሳቋ የመጣባት። ልትይዘው ሞከረች። ከሆዷ ተነሥቶ፣ ትከሻዋን አናውጦ፣ በአፍንጫዋ ወጣ። ማኅተም በንዴት ዞረ። «አትሳቂ አላልኩሽም? ምን ያስቅሻል?»

«አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ» አለች ዕንባዋን በቱታዋ እጅጌ እየጠረገች። ማሽኗ እስክትሞቅ በምትጠብቅባቸው ደቂቃዎች ሁሉ መመሪያውን ታነብ ነበር። ከጻፈው ሰው ሌላ እስከ መጨረሻው ያነበበችው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። «በሙከራ ላይ ያለ መስመር ፈቃድ አይጠየቅበትም፣ ሞካሪው ማጠናቀቂያውን እስኪፈርም ድረስ። አንተ ነህ የጻፍከው። አንደኛው ቀዳዳ ደግሞ የሙከራ መስመር ነው።»

«ሙከራው ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆነው!»

ቀጣይዋ እጇን ኪሷ ከታ ሦስቱን ቅጾች አወጣች። ዘረጋቻቸው። ለሚኒስትሩ አሳየች፣ ለእናታቸው አሳየች፣ ለአዳራሹ ከፍ አድርጋ አሳየች። የፊርማው ቦታ ባዶ ነበር፤ ከቅባት አሻራዋ በስተቀር።

ማኅተም ጎንበስ ብሎ አየው። በሕይወቱ ያልታተመበት ወረቀት እንዲህ አሳምሞት አያውቅም።

«ሕጋዊ ነው?» አሉ ሚኒስትሩ።

ማኅተም ዓይኑን ጨፍኖ «ሕጋዊ ነው» አለ።

ቀጣይዋ ከአንደኛው ቀዳዳ ሥር ያለውን የሙከራ ማብሪያ ወደ ላይ ገፋች። ከቀዮቹ መብራቶች መካከል አንዷ ብቻ ወደ አረንጓዴ ተለወጠች። የስክሪኑ ባለሙያም ድምፁን ወደ አዳራሹ ድምፅ ማጉያ አዞረው።

«...አይሰሙኝም እንዴ? ሃሎ!» አሉ ባለሰዓቷ ከግድግዳው ላይ፣ ጮክ ብለው። አባትየው ከወንበራቸው ሊወድቁ ነበር። ከረባቱን አንገታቸው ላይ እንደ ፎጣ ጣል አደረጉት።

«የዘጉት እርስዎ መስለውኝ...»

«እኔ? እኔማ ለራሴ ስናዘዝ ነበር! ከየት ጀምሮ ነው ያልሰሙኝ?»

«ያ ሰዓት ካሉት።»

ባለሰዓቷ ሁለት እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ። አዳራሹ ትንፋሹን ያዘ። ቀጣይዋም ያዘች፤ ለብልጭታ እንደምትይዘው።

«ያ ሰዓት ከተሠራ አምስት ወሩ ነው» አሉ ባለሰዓቷ። «ልክ እንደ አዲስ ነው የሚሄደው። እኔ ነኝ። በየጠዋቱ እርስዎ ከመደወልዎ በፊት አንድ ብሎን አላላለሁ። አታለልኩዎት፤ ይቅር ይበሉኝ።»

አባትየው መነጽራቸውን አስተካከሉ። የሚኒስትሩ እናት የልጃቸውን ክንድ ጨምድደው ይዘዋል።

«የትኛዋን ብሎን?» አሉ አባትየው በመጨረሻ።

«ከፔንዱለሙ በላይ፣ በስተግራ ያለችውን።»

«እሷማ ድሮም ምንም አልነበረባት» አሉ አባትየው። አንገታቸውን ደፉ። «በሁለተኛው ቀን ሥራው ሲያልቅብኝ ጊዜ 'እሷን ላላ ያድርጓት' ያልኩዎት እኔ ነኝ።»

ባለሰዓቷ አፈጠጡባቸው። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ አባትየውም ተከተሉ። ሁለት አዛውንቶች በግድግዳው ላይ፣ ሁለት መቶ ሰው በወንበሩ ላይ፣ ዘበኛው በሩን ተደግፎ፣ ሚኒስትሩ እናታቸው ትከሻ ላይ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የምታለቅሰው ቀጣይዋ ብቻ ነበረች። መሳቅ የሚገባት ጊዜ ሲመጣ ደግሞ ያ ሳቋ ጥሏት ጠፋ።

«ታዲያ ሣጥኑ?» አሉ አባቷ።

«ይሙሉታ!» አሉ ባለሰዓቷ። «ሁለቱንም ሣጥን ይሙሉ! በኛ ዕድሜ ምን ቆየት ማለት ነው?»

ጸሐፊዋ እዚያው ጭኗ ላይ ቅጹን ሞላች። ማኅተም ማኅተሙን ከኪሱ አወጣ፤ በጣም በጥንቃቄ፣ ቀጥ አድርጎ አተመበት። ሲጨርስ ማንም እንዳላየው ብሎ አፍንጫውን ጠረገ።

ፈቃዱ ስለተገኘ ከዚያ በኋላ የሙከራው መስመር ለአባትየው አያስፈልጋቸውም ነበር። ግን በማግስቱ የሚኒስትሩ እናት ቀጣይዋ ዘንድ ስልክ ደወሉ። ከባሕር ማዶ አንዲት የልጅነት ጓደኛ አለቻቸው፣ በየጠዋቱ አብረዋት ሰው የሚያሙ፤ ለሐሜት ደግሞ ሣጥን የለም። ቀጣይዋ ሁለተኛውን ቀዳዳ ለሙከራ ከፈተችላቸው። ከዚያ ዘበኛው መጣ። ከዚያ የስክሪኑ ባለሙያ። ከዚያ ጸሐፊዋ ራሷ፣ ቀላ ብላ። በወሩ መጨረሻ ከቁም ሳጥኑ መብራቶች ቀይ የቀረውን ለማግኘት ፈልጎ ማየት ያስፈልግ ነበር።

ማኅተም ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሦስቱን ቅጾች ይዞ ጉድጓዷ አፍ ላይ ይቆማል። ቀጣይዋ ወረቀቱን ትቀበላለች፣ እጇን ትጠርጋለች፣ እያንዳንዱን መስመር በጥሞና ታነባለች። እስክሪብቶውን ከፊርማው ቦታ ላይ ታሳርፍና ትቆያለች። ከዚያ ቀና ትላለች።

«ሙከራው እኮ ገና ነው» ትለዋለች። «አንድ ብሎን ይቀራል።»